ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሳህን

ወንድሜ የንቦቹን ጦርነት ሲያወራ ሁልጊዜ ከመሃል ነው የሚጀምረው። «አንድ ቀን በቀትር ግቢያችን ውስጥ ቀፎ በቀፎ ላይ ተነሣና...» ብሎ ይቀጥላል፤ የሚሰማው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ማውራት ይችልበታል። በድግስ አውርቶታል፣ በለቅሶ ቤት አውርቶታል፣ ጥርሱን ሊነቀል ወረፋ ይዞ ሳለ እንኳ አውርቶታል። ሲጨርስም ያችኑ ነገር ጣል ያደርጋታል፤ ንብ እንኳ ይዋጋል፣ ጦርነት ተፈጥሮ ነው፣ ተፈጥሮን ደግሞ ማን ይከሳል ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን አድማጩ የገዛ ልጁ ነበር። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው ሁለት ወር አልሆነውም። ሬዲዮው ስለ ድንበር ማውራት እንደገና ጀምሯል። ልጁም የውትድርና መመዝገቢያ ቅጽ አጣጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይዟል፤ ይሙላው አይሙላው አባቱን ሊጠይቅ ነው የተቀመጠው። አባት ሆዬ ጉሮሮውን ጠረገና «አንድ ቀን በቀትር» አለ። ያን ጊዜ ነው በቃ ያልኩት። አክስታችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ትወድ ነበር። እኔም ከሥሩ እናገራለሁ፤ የፈለገ ይስማ፣ ያልፈለገ ጆሮውን ይድፈን።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ አሥራ ስምንት። እናትና አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስላለፉ ያሳደገችን የአባታችን ታላቅ እኅት ናት። የአክስቴ መተዳደሪያ ንብ ነበር። በግቢው አጥር ሥር አሥራ አንድ የሳጥን ቀፎዎች ደርድራለች። ጓንት የሚባል ነገር አታውቅም፣ ሽታ ያለው ሳሙና አትነካም። ቀፎ ስትከፍት በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ ንብ ክንዷ ላይ ስትሄድባት «ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ የለሽም?» ብላ ትገሥጻለች። ለእኔም የምትለኝ ይህንኑ ነበር።

ከሕጎቿ ሁሉ የከረረው አንድ ነው። አበባ በሌለበት ወራት ማር በቀን ደጅ አይወጣም። ቢላዋው፣ ጎድጓዳው ዕቃ፣ የተጠረገበት ጨርቅ ሳይቀር ወዲያው ይታጠባል። የተራበ ቀፎ ካለ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከውስጥ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ነው የሚመገበው። «ማር በቀን አይታይም» ትለኛለች። ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ አልሰማኋትም። እኔ ጎረቤት አይቶ እስቲ አቅምሱን እንዳይለን ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አክስቴ ስስታም ናት ብዬ ትንሽ አፍርባት ነበር።

በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል የተከራዩት የወንድሜ የታሪክ መምህር ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በክር ታስሯል፣ ከኪሳቸው ለእኔ የሚሆን ከረሜላ አይጠፋም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ያን ዓመት ጦርነቱ ተጀምሮ ነበርና አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ተከፍቶ ክርክር ነው። መምህሩ ጦርነት በሰው ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው ይላሉ። አክስቴ ምስሯን እየለቀመች በማን ደም ብላ ትጠይቃለች። በሁላችንም ይሏታል። እኔም በማግስቱ ጉልበቴ ላይ የነበረውን የቁስል ቅርፊት ላጥ አድርጌ ደሜን በፀሐይ አየሁት። ምንም አልታየኝም። ገና ልጅ ስለሆንኩ የእኔ ጦርነት ትንሽ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ወንድሜ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ጓደኞቹ ተመዝግበዋል፤ ምዝገባው ቅዳሜ ይዘጋል። አክስቴ አትሄድም አላለችውም፤ ያን ያህል ጉብል ሲከለክሉት እንደሚኮበልል ታውቃለች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ጠይቆ፣ ገብቶት፣ ከዚያ እንዲወስን። እሱ የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው መጡብን ይላል። እሷ ከዚያ በፊትስ ትለዋለች። ከዚያ በፊት ያለውን ማንም አይናገርም፤ ሬዲዮውም ከወንዙ ነው የሚጀምረው።

አንድ ጊዜ ወንድሜ አፋጠጣት። ሁለት ወሮበሎች ቀፎ ሊሰርቁ አጥር ሲዘሉ ዶማ ይዛ የቆመችው እሷው ራሷ አይደለችም ወይ አላት።

«ቆሜያለሁ» አለች። «ነገም እቆማለሁ፤ ቤቴ ነው። ግን ቆሜ ደስ አላለኝም። ሲቆም ደስ የሚለው ሰው ካየህ እሱን ሽሸው።»

መምህሩ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። እኔ ደግሞ አክስቴ ዶማ ይዛ ስትሸሽ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ፤ ሂጂ ተኚ ተባልኩ።

ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። አክስቴ ከመኝታሽ ንቅንቅ እንዳትዪ ብላኝ ገበያ ወጣች። ምን ሲደረግ! የውጭው በር ገና ሳይዘጋ እኔ መስኮት ላይ ነኝ። ጥግ ላይ ያለችው ሰባተኛዋ ቀፎ ከሁሉ የደከመች ነበረች፤ ረሃብ ገብቷታል ሲባል ጆሮዬን ጥዬ ሰምቻለሁ። በሯ ላይ ሦስት አራት ንቦች እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ሳያቸው አንጀቴን በሉት። አሥሩ ቀፎ ጠግቦ ይቺ ስትራብ ዝም ይባላል? ከቁም ሣጥኑ ማሰሮውን አወረድኩ፤ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሳህን እስኪሞላ ቀዳሁ፤ በባዶ እግሬ ወጥቼ በሯ ፊት ያለው ጣውላ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ግማሹ መንገድ ላይ ተንጠባጥቧል። አንዲት ንብ መጣች፣ ቀመሰች፣ በረረች። ለእኅቶቿ ልትነግር ነው ብዬ ደስታ ገደለኝ። ተመልሼ ተሸፋፈንኩ፤ ትኩሳቱም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

እርግጥ ነው፣ ለእኅቶቿ ነግራለች። የየትኛው ቀፎ ልጅ እንደነበረች ግን እኔ አላየሁም።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። የንብ ድምፅ ለምጃለሁ፤ ይሄ ግን ወፍራም ነበር፣ ደረት ውስጥ ይገባል። መስኮቱን ስከፍት ሙዝ በሌለበት የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ የተቆጣ ንብ ሽታ መሆኑን ያኔ አላውቅም። ሰባተኛዋ ቀፎ በንብ ጠቁራለች። ሁለት ሁለት ሆነው ተናንቀው ከበሯ ይወድቃሉ፣ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፣ አንዱ ይነሣል፣ አንዱ አይነሣም። በሯ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም አንድም ወደኋላ ያለ አላየሁም። አክስቴ መሃሉ ውስጥ ነች። ለገበያ የለበሰችውን አላወለቀችም፤ ከላዩ ሽርጧን ብቻ ታጥቃለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ በሌላው እርጥብ አንሶላ ትጎትታለች። ሆዷን የቆረጣት መሰለኝ።

ወንድሜ በግቢው በር በኩል ቆሟል፣ የትምህርት ቤት ደብተሩን እንደያዘ። መምህሩ ከክፍላቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ናቸው። አክስቴ ቀፎዋን በአንሶላው ሸፈነች፣ የቀፎዋን በር አንድ ንብ ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ በሣር ጠቀጠቀች፣ በዙሪያው ውኃ ረጨች። ፊቷና አንገቷ ተነድፎ ያብጣል። የሚያግዛት ሰው አልነበረም። ያኔ ነው መምህሩ የተናገሩት፤ ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ተመልከት ልጄ» አሉት ወንድሜን። «ማን አስተማራቸው? ሬዲዮ የላቸው፣ ጄኔራል የላቸው። የጠገበው የተራበውን ይወጋል። እኔ የተናገርኩት ይኸው ነው፤ ተፈጥሮ ነው።»

አክስቴ ዞረች። አፏ ተከፍቷል፤ መልሱ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ከዚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ወደቀ፤ እዚያ እኔ ነኝ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ጣቶቼ እስካሁን በማር ይጣበቃሉ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አፏን መልሳ ዘጋች። ከመኝታዬ በመነሣቴ ተቆጣች ብዬ መስኮቱን ጠረቀምኩና ተሸፋፈንኩ።

ማምሻውን ነገሩ በረደ። አክስቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከመኝታሽ ተነሥተሽ ነበር ወይ አለችኝ። አልተነሣሁም አልኩ፤ ቁጣ ፈርቼ ነው። እሺ አለችና ብርድ ልብሴን አስተካከለች። እኔ ግን በልቤ ኮርቻለሁ። እነዚያ ጥቂት ጠባቂዎች ያን ያህል የተቋቋሙት እኔ ስላበላኋቸው ነው ብዬ አምኜ ነበር። በማግስቱ ሳህኑን ፈልጌ ሳጣው ደግሞ ሌቦቹ እሱንም ይዘው ሄዱ አልኩ። አንድ ሳህን ለማንሣት ስንት ንብ እንደሚያስፈልግ ስቆጥር ዋልኩ።

ዓርብ እራት ላይ ወንድሜ እንደሚመዘገብ ተናገረ። አክስቴ ጎርሳ የነበረውን ዋጠች።

«በር ላይ ቆሞ የሚሞተውን ንብ አልከሰውም» አለች። «ማሩን ማን እንደደፋው ሳላውቅ ግን ተፈጥሮ ነው አልልም።»

ወንድሜ ዓይን ዓይኗን እያየ «እሺ ንገሪኛ፤ ማን ደፋው?» አላት።

አክስቴ የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች። መምህሩም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። ስለ ንብ አላውቅም ስትል ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ተመዘገበ። በሳምንቱ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝልን መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ወር ሳይሞላም ክፍሉን ለቀቁ። አክስቴ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ሰባተኛዋን ቀፎ ከፈተቻት። አውራዋ ንብ ሞታለች፣ ማር የሚባል አልቀረም፤ የተረፉትም ንቦች ከዘራፊዎቹ ጋር ተቀላቅለው ሄደዋል። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» አለች ሳጥኑን እየጠረገች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁላት።

ወንድሜ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሏል። ከሦስቱ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አውርቶልን አያውቅም፤ የሚያወራው የንቦቹን ጦርነት ብቻ ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የአክስቴ ጉልበት እምቢ አለና ቀፎዎቹን ተረከብኩ። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ለንብ አናቢዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠ፤ ሄድኩ። አሠልጣኟ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። ጠመኔዋን ይዛ፣ አበባ በሌለበት ወራት በቀን ማር ደጅ ያስቀመጠ ሰው ራሱ ጦርነት አወጀ ማለት ነው አለች። ጠንካሮቹ ቀፎዎች ማሩን ቀምሰው ይጨርሳሉ፣ ሲያልቅባቸው ሽታውን ተከትለው ደካማዋ ላይ ይገባሉ። ሁላችንም እንጽፍ ነበር። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እረፍት ሳይሆን ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አክስቴ ገና ፊቴን ስታይ ገባት። ምንም ሳልጠይቃት ሳጥኗን ከፍታ፣ ከልብስ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሳህኑ ነው። ያን ቀን በሽርጧ ሥር ሆዷ ላይ ይዛው የነበረው እሱ ነው፤ ወንድሜም መምህሩም እንዳያዩት። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮኽኩባት፤ ያንን ብትነግሪው አይሄድም ነበር አልኳት። እሷ አልጮኸችም። ወንድሜ ትልቅ ሰው ስለነበር ራሱ ያስብበታል ብላ ተስፋ አድርጋ እንደነበር ነገረችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ወንድሟን ጦር ሜዳ የሰደደችው እሷ እንደሆነች እየተነገራት ማደግ የለባትም። «ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልኩ» አለች። «ሳህኑን ያስቀመጥኩት ግን ለዘላለም አይደለም። የሚጠቅምበት ቀን ይመጣል።» አክስቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ሳህኑ እኔ ቤት ነው።

እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ደግሞም ያ ታሪክ የወንድሜ ምርኩዝ ነው። ጦር ሜዳ ያደረገውን ማንም አያውቅም፤ ተፈጥሮ ነው ካላለ በምን ይቆማል እል ነበር። አክስቴ እኔን ለማትረፍ እሱን እንዳጣችው፣ እሱ የሄደውም በእኔ አንድ ሳህን ማር እንደሆነ እያሰብኩ ስንት ጊዜ ቀፎ ፊት ቆሜ እንዳለቀስኩ እኔ አውቃለሁ።

እሑድ ግን ያን ቅጽ ኪስ ውስጥ ሳየው ፍርሃቴ ጥሎኝ ጠፋ። ወንድሜ «አንድ ቀን በቀትር» ሲል ብድግ አልኩ። ቆይ አልኩት። ቤቴ ሁለት አጥር ተሻግሮ ነው፤ ሮጬ ሄጄ ሳህኑን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ በአባትና በልጅ መሃል አስቀመጥኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ ታሪኩ ከዚህ ነው የሚጀምረው» አልኩ። «ማሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ንቦቹ ከመሬት ተነሥተው አልተዋጉም። አክስቴ ለእኔ ብላ ሳህኑን ደበቀችብህ።»

ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቱን ያያል። ወንድሜ ሳህኑን ሳብ አደረገና በሦስቱ ጣቶቹ ጠርዙን ዞረው። ይነሣና ይወጣል፣ ወይም ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሚጢጢ» አለኝ። በልጅነቴ ነበር እንዲያ የሚለኝ። «ሳህኑን አይቼዋለሁ።»

«ምን?» አልኩት።

«ከገበያ ስትገባ ከኋላዋ ነበርኩ። ከጣውላው ላይ ስታነሣው፣ ሽርጧ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። እዚያ ግቢ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማር በቀን ደጅ ሲወጣ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መምህሩ ሲናገሩ ልክ እንዳልሆኑ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ማን ደፋው ብለህ የጠየቅሃት...»

«እንደማትመልስልኝ ስለማውቅ ነው። አንቺን አሳልፋ እንደማትሰጥ አውቃለሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር። ጓደኞቼ ሄደዋል፤ ፈሪ መባል አልፈለግሁም። እሺ ሂድ የሚል ነገር ስፈልግ ንቦቹ ሰጡኝ።» ሳህኑን አየው። «እዚያ ጦር ሜዳም ሳህን ነበረ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ማር አስቀምጧል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።»

ደሜ ፈላ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስቃጠል እሱ ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል! ሳህኑን አንሥቼ ግንባሩ ላይ ብሰብረው ደስ ይለኝ ነበር። ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ ከትከሻዬ ስትወርድ ተሰማኝ። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ማንም አላባበለኝም፤ ደግሞም አልፈለግሁም።

ልጁ እስኪበቃኝ ጠብቆ «እና አባዬ፣ ቢመጡብንስ?» አለ። «እጃችንን አጣጥፈን እንያቸው?»

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ወንድሜም አልሳቀበትም። ከመጡ በር ላይ እቆማለሁ፣ አንተም ከኋላዬ ትቆማለህ አለው። ግን ማንም ሲጠራህ ብድግ ብለህ አትሂድ፤ መጀመሪያ ሳህኑ የት እንዳለ ጠይቅ፣ ማን እንዳስቀመጠው ጠይቅ፣ አላውቅም የሚልህን ሰው ደግሞ ለምን አላውቅም እንዳለ ጠይቅ አለው። ተጠይቆ ሳያልቅ ተፈጥሮ ነው የሚልህ ካለ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትሰማኝ አለ። በሕይወቱ እንዲህ ቆፍጠን ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ቅጹ አሁንም ልጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ አልቀደደውም፣ አልሞላውምም። ወንበሩን ግን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ወንድሜ ሳህኑን ወደ ልጁ ገፋ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደገና ልንገርህ» አለ። «አክስታችን ስድስት ሳህን ነበራት፤ ጠርዛቸው ሰማያዊ ነው። እዚህ ያለችው አክስትህ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ጉንፋንም ይዟት ነበር...»